የዳር እፍኝ

ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ዓሣ ሻከረኝ።

በአክስቴ በሱንዳርያ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የዕለቱን ዓሣ እየለየሁ ነበር። ትልቁ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ደቡብ ህንድ ስለ ዓሣ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ የእኔ ሥራ ሆኗል፤ እሷ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ወንዝ ወርዳ አጥምዳ ትመጣለች፣ እኔ ማድረቂያው ምንጣፍ ላይ ከመበተኑ በፊት አንድ በአንድ አያለሁ። ጢሙ ረዝሞ ሆዱ የሚደርሰው ደዱዋ ነው። ሰፋ ብሎ ጅራቱ አጠገብ ጥቁር ነጥብ ያለው ፖቲ ነው። ጢም አልባው፣ ከጉንጩ እስከ ጅራቱ ጥቁር መስመር የተሰመረበት ዳራይ ነው። እነዚህን ለመለየት ዓይን ይበቃል። ፋጌታን ግን ዓይን የሚለየው በሕይወት ሳለ ነው። ጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱት ሰማያዊ ዝንጉርጉሮች ሲሞት ይደበዝዙና ከሌላው ይቀላቀላል። ያኔ የሚያጋልጠው አፍንጫው ነው። በመራቢያው ወራት ወንዱ አፍንጫው ላይ ጥቃቅን ጉጦች ያወጣል፤ ጣት ሲያርፍበት ደረቅ አሸዋ የነካ ይመስላል።

ፋጌታ ሴቶቻችን በሚያጠምዱበት በታችኛው ወንዝ አይኖርም። ጭቃ አይወድም። ጠጠር፣ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ በአንድነት የሚገኙት ሳል ከምንለው ዛፍ ደን ሥር፣ ምንጩ በሚፈልቅበት ኩሬ ውስጥ ብቻ ነው።

አንዱ ተሳስቶ ወርዶ ይሆናል አልኩ። የክረምቱ ጎርፍ ገና አልመጣም፤ ከኩሬው የሚወርደው ውሃ ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። ቢሆንም ዓሣ ነው፣ መንገድ አያጣም። ቀጥሎ ሁለተኛው ሻከረ። ቆየት ብሎ ሌላ።

ኩሬው ዝግ ነው። ከዓመታት በፊት ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ወንዙ ውስጥ የተባይ መድኃኒት ደፍተው ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ሲንሳፈፍ፣ የተረፈው ከላይ ያለው የኩሬው ዓሣ ነበር። ወንዙ ዳግም የሞላው ከዚያ ነው። ስለዚህ በማጊ፣ በአዲስ ዓመታችን በዓል፣ መንደሩ ተሰብስቦ ተማማለ፤ ሙቀቱ ከገባ ጀምሮ ሩዝ እስኪታጨድ ድረስ ኩሬው መረብ አያይም። እሾሃማ ቅርንጫፍ ተከምሮበታል። ከዚያ ያጠመደ ቤት ከመስመሩ ይወጣል።

መስመር የምንለው ሴቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚያጠምዱበትን ነው። መሬት ላለው ቤት ከመስመሩ መውጣት ውርደት ነው። አክስቴ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬት የላትም። ደረቁን ዓሣ ከጎደሬ ግንድ ጋር ወቅጣ፣ ጠፍጥፋ፣ ሲድራ አድርጋ ገበያ ታወጣለች። እኔንም ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ከመስመሩ ከወጣች የሚቀራት፣ ልጇ ጡብ ወደሚሠራበት ከተማ ሄዳ የማትወዳት ምራቷ ጓዳ ውስጥ መቀመጥ ነው።

የሻከሩትን ዓሦች በቀሚሴ ጠርዝ ሸፈንኳቸው።

«ምን አገኘሽ?» አለችኝ ከውስጥ።

«ምንም። ያው ደዱዋ ነው።»

«ታዲያ ምን ያፈዝዝሻል? ዓሣው ስሙን እስኪነግርሽ ነው የምትጠብቂው?»

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ሳቄን ግን እኔው ራሴ አላመንኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴን እከታተላት ጀመር። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፤ ይህን ድሮም አውቃለሁ። የረጠበ ቀሚስ ለብሳ ትመለሳለች፤ ይህንንም አውቃለሁ። አሁን ግን ያወቅሁት ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። የት ነበርሽ ስላት ከሩዝ ማሳው ቀንድ አውጣ ስለቅም አለችኝና እንስራዋን አዘነበለችልኝ። ቀንድ አውጣው እውነትም የማሳ ነበር። ይሁን እንጂ ከኩሬው የሚመለስ ሰውም በማሳው በኩል ያልፋል፤ እግረ መንገዱንም ሊለቅም ይችላል። ምሳ ላይ በቅመም ሠርታ አቀረበችው። እሷ ዛጎሉን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በፉጨት ትመጠዋለች፣ እኔ ጉልበቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ አያለሁ። ጥቁር ነው ወይስ ቀላ ይላል? የኩሬው ዳር ቀይ አፈር ነው። ጥቁር መሰለኝ። ብርሃኑ ግን ጥሩ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያላረጋገጥሽውን አትጻፊ ይሉን ነበር። ያላረጋገጡትን ይዞ ከአንድ ትሪ እንዴት እንደሚበላ ግን አላስተማሩንም።

በሳምንቱ ባርጋር የምንለው የመንደራችን አለቃ አያ ባግራም ሰው ሁሉ ማንጎው ሥር እንዲሰበሰብ አደረጉ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ለመስማት አንገቱን ወደ እሳቸው ያሰግጋል፣ እሳቸውም ያን ይወዳሉ። የኩሬው እሾህ ተነስቶ ተመልሶ ተከምሯል አሉ። የመለሰው ሰው ቅርንጫፎቹን ግንዳቸውን ወደ ውሃው አዙሮ ነው የከመረው፤ እኛ ስንከምር ግንዱ ወደ ደረቁ ነበር። ስለዚህ አንድ ቤት እየሰረቀን ነው።

እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን ለመመልከት ምክንያት ሲፈልግ አየሁ።

ከገበያው ቀን በፊት የየቤቱ ማድረቂያ ምንጣፍ ይታያል አሉ። ፋጌታ በሕይወት ሲዋኝ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሞቶ ሲደርቅ ግን የማን ዓሣ ከማን ዓሣ ይለያል? ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ላሃኒ፣ ምን ተምራ መጣች ሲሉን መልስ አጥተን ስንሸማቀቅ ነበር። ይኸው ሥራ ተገኘልሽ። ምንጣፉን አንቺ ታነቢልናለሽ።»

ሳቅ ሆነ። ከሁሉ በላይ የሳቀችው ጎረቤታችን ጆክኒ ናት። ከአክስቴ በዕድሜ ትንሽ የምታንስ፣ ምላሷ ግን ከማንም የማያንስ ሴት ናት።

«የዓሣ ሐኪም አለን እንዴ?» አለች። «እንግዲህ የእኔ ዓሣ ራሱን ቢያመው ለማን እንደምነግር አወቅሁ።»

አክስቴ ጉልበቷን ታሻለች። ፈርታ ነው ወይስ አሟት? የሁለቱም ፊት አንድ ነው።

በማግስቱ ጉልበቷ አብጦ መነሳት አቃታት። ቦታዬ ባዶ አይደር ብላ መረቧንና የወገብ ቅርጫቷን ሰጠችኝ። ደስ አለኝ። ቢያንስ ዛሬ ወንዙ ውስጥ ያለውን በዓይኔ አያለሁ፤ ፋጌታ በታችኛው ወንዝ ከተገኘ፣ የተማርኩት ስህተት፣ አክስቴም ንጹሕ ናት ማለት ነው። ትምህርቴ እንዲሳሳት የተመኘሁት ያን ቀን ነው።

ሴቶቹ ከወንዙ መሐል እስከ ዳር ተሰለፉ። መረባችን ባለሦስት ማዕዘን የቀርከሃ ክፈፍ አለው፤ ጫፉን ጭቃው ውስጥ ሰክተው ወደፊት ይገፉታል፣ ያነሱታል፣ ይገፉታል። የአክስቴ ቦታ ዳር ነው፤ ውሃው ከሸምበቆው የሚገናኝበት። ዓሣ ሲደነግጥ ወደ ዳር ነው የሚሸሸው። ዳር የቆመችው ሴት ሥራዋ ከማጥመዱ ይልቅ መርገጥ ነው፤ ውሃውን በእግሯ እየደቃች፣ ሸምበቆውን በመረቧ እየመታች የሸሸውን ወደ ሌሎቹ መረብ ትመልሳለች። ረገጥኩ። መታሁ። ከጉልበቴ በታች ያለው ውሃ በጥቃቅን ብር ተሞልቶ ወደ ሌሎቹ ሲገለበጥ አየሁ፤ ቅርጫቴ ግን ወገቤ ላይ ባዶውን ይወዛወዝ ነበር። ያነሳሁትን ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩ። ሁሉም ልስልስ ነው። ደዱዋ፣ ፖቲ፣ ዳራይ። አንድም ፋጌታ የለም።

ትምህርቴ አልተሳሳተም። ከወንዙ ወጣሁ።

ያኔ ጆክኒ አጠገቤ መጥታ ፊቷን ወደ ደኑ አዙራ እጇን ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችና አንድ እፍኝ ዓሣ ቅርጫቴ ውስጥ ጣለች። ምንም ሳትል አለፈች። ቀጥሎ ሌላዋ መጣች። እሷም ፊቷን አዙራ፣ እፍኝ ጥላ አለፈች።

የዳር እፍኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን በልጅነቴ ስለሄድኩ ከዳገቱ ሆኜ አየሁት እንጂ ዳር ቆሜ አልተቀበልኩትም፤ ረስቼውም ነበር። ዳር የቆመችው ስለ ሌሎቹ መረብ ስትረግጥ ስለዋለች፣ እያንዳንዷ ከራሷ አንድ እፍኝ ትሰጣታለች። ሰጪዋ እጇን አታይም፤ ካየች ትመርጣለች፣ መምረጥ ደግሞ ስስት ነው። ተቀባይዋም አታይም፤ ካየች ትመዝናለች፣ መመዘን ደግሞ ንቀት ነው። በእኛ ዘንድ እፍኝ መመርመር እንግዳ ፊት ተቀምጦ ጉርሻውን እንደ መቁጠር ነው።

እንግዲያው አክስቴ ቅርጫት ውስጥ ያለው ዓሣ አብዛኛው የእሷ አይደለም። ሌባዋ ከእነዚህ አንዷ ናት። አሠራሯም ወለል ብሎ ታየኝ። ጎህ ሲቀድ ዓሣ ይዛ ቤቷ ብትገባ ትጠየቃለች፤ ከመስመሩ ሙሉ ቅርጫት ይዛ ብትገባ ግን ማን ይጠይቃታል? ስለዚህ የኩሬውን ዓሣ ቅርጫቷ ሥር ይዛ ወንዝ ትወርዳለች፣ የቀኑን ከላይ ታለብስበታለች። እፍኙን ስትሰጥ ግን ማየት ክልክል ነውና፣ እጇ ከላይኛው ይዝገን ከታችኛው አታውቅም። የሰረቀችውን በገዛ እጇ ለአክስቴ ስታካፍል ከርማለች።

እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩ። ዓሣው እንዳይንሸራተት የማስተካከል መስዬ፣ የሚወርደውን እፍኝ ሁሉ በጣቶቼ መሐል አሳለፍኩት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ልስልስ። ልስልስ። ጭቃ። ልስልስ። ወደ መጨረሻው ራምራቲ መጣች፤ የአያ ባግራም ምራት ናት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗን የምትሰብር። የእሷ እጅና ከኋላዋ የመጣችው ሴት እጅ ተከታትለው ወረዱ። ከሥር ጣቴን ሻከረው። አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ።

ከሁለቱ የማንኛቸው ነው? የራምራቲ መሰለኝ። ጠዋት ወንዝ ሳንገባ ቅርጫቷ ሲንጠባጠብ አይቼ ነበር፤ እርጥብ ሣር ነው ያስቀመጥኩበት ብላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ማንም ሳይጠይቃት መናገሯ ነው የበለጠ ያስጠረጠረኝ። ግን እጃቸው ተከታትሎ ነው የወረደው፤ መሐላ ብጠየቅ አልምልም።

ራምራቲን ከሰዓት በኋላ የእጅ ፓምፑ ዘንድ ብቻዋን አገኘኋት። ዙሪያውን ሄድኩ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራሁ። በመጨረሻ የሰጠችኝ እፍኝ ውስጥ ፋጌታ እንደነበር ነገርኳት። ፓምፑን መግፋት አቆመች።

«እፍኜን ዳበስሽው?» አለችኝ። ከዓይኗ ይልቅ ድምፅዋ ተቆጣ።

«ስላልገባኝ ነው የጠየቅሁሽ።»

«እዚያ በተማርሽበት አገር የሰው እፍኝ ይዳበሳል? እንግዲያው ጥሩ አገር ነው፤ ለምን ተመለስሽ?»

ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን በየቀኑ እጠይቃለሁ።

«አክስትሽን ጠይቂያት» አለች እንስራዋን እያነሳች። «ጎህ ሳይቀድ የደኑን መንገድ ይዛ ስትሄድ አይቻታለሁ።»

«አንቺስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?»

ለአፍታ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«ሜዳ ወጥቼ ነበር። ሜዳ የወጣ ሰውም ይመረመራል እንዴ፣ ዶክተሪት?»

ሄደች። መልሷ የሌባ መልስ ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ሜዳ የወጣ ሰውም ሌላ ምን ይመልሳል አልኩ። ስለ አክስቴ ያለችው ነገርም ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የማሳው መንገድና የደኑ መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ አንድ ናቸው፤ ይህን አውቃለሁ። አውቄም አላረፍኩም።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለአክስቴ ነገርኳት፤ የሻከረውን ዓሣ፣ እፍኙን፣ ራምራቲን። ትደነግጣለች፣ ከዚያ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። እግሯን ዘርግታ፣ የሞቀ የሰናፍጭ ዘይት ጉልበቷን እየቀባች አዳመጠችኝ። ስለ ኩሬው ስነግራት እጇ አላቆመም። እፍኙ ዘንድ ስደርስ ቆመ።

«የሰው እፍኝ ዳበስሽ?»

«አክስቴ፣ ከመስመሩ ያወጡሻል እኮ። ምንጣፍሽ ላይ ፋጌታ አለ። የሌሎቹ ምንጣፍ ላይ አይገኝም፤ ሌባዋ ማስጠንቀቂያ ስለደረሳት ያላትን ደረቅ ሁሉ እንዳይለይ ወቅጣ ጨርሳለች።»

«በስንት ዘመኔ አንድ ቀን ወደ ቅርጫቴ ጎንበስ ብዬ አላየሁም። የሰጡኝን ተቀበልኩ። ጭቃም ሲሰጡኝ ተቀበልኩ።» ዘይቱን ከደነችው። «ያውጡኝ። ሌባ ብለው ያውጡኝ፣ ይቻላል። ሰላይ ብለው እንዳያወጡኝ።»

«ስለዚህ ዝም ልበል?»

«ድሮ ዝም ማለት ታውቂ ነበር» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዝም አላልኩም፤ ልናገርም አልደፈርኩም። በመሐሉ ያለውን ሠራሁ። እሷ ስታሸልብ ምንጣፉ ዘንድ ሄጄ ቀደም ባሉት ቀናት የደረቀውን ዓሣ አንድ በአንድ እየዳሰስኩ የሚሻክረውን መልቀም ጀመርኩ። ጥቂት እንደለቀምኩ ከአጥሩ በላይ ድምፅ መጣ።

«ምን እየለቀምሽ ነው?»

ጆክኒ ነበረች፤ ወንፊት ልትዋስ መጥታ።

«ዝንብ» አልኳት።

«የእናንተ ዝንብ በአፍንጫው ነው የሚዳበሰው?»

እጄ ውስጥ ያለውን አየች። የመጣችበትን ወንፊት ረስታ ሄደች። ጆክኒ የመጣችበትን ነገር ረስታ ስትሄድ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አያ ባግራም ራሳቸው መጡ፤ ከኋላቸው መንደሩ ተከትሏል። የገበያውን ቀን አልጠበቁም። ምንጣፉን ሁለት ሰዎች እንዳለ ተሸክመው ማንጎው ሥር አኖሩት። አክስቴ በምርኩዟ እያነከሰች ደረሰችና ከዳር ተቀመጠች። ሴቶቹ በአንድ ወገን ነበሩ፤ ራምራቲ ከመሐላቸው፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ።

አያ ባግራም ከምንጣፉ አንድ ደረቅ ዓሣ አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጣቴን ሳላሳርፍበት አውቄው ነበር። ቢሆንም ዳሰስኩት፤ ምናልባት ይለሰልስልኛል ብዬ።

«ይህ ምን ዓሣ ነው?» አሉ።

አክስቴን አየሁ። አትናገሪ የሚል ነገር ፊቷ ላይ ፈለግሁ። ምንጣፉን ነበር የምታየው።

«ፋጌታ ነው።»

«ከየት የመጣ?»

«ከኩሬው።»

ጉርምርምታው ከጆክኒ በኩል ተነሳ። አንድ ሰው፣ ላሃኒ ደግሞ ልትደብቅ ስትለቅም ተይዛለች አለ። አያ ባግራም እጃቸውን አነሱ። ፍርዱን ሊናገሩ ሲሉ አፌ ቀደመኝ።

«አያ፣ ይህ የዳር ቅርጫት ዓሣ ነው። የእናንተ ሁሉ እጅ አለበት። የማን እፍኝ እንደሆነ ጠይቁ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ አልተያዩም፤ ሁሉም እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«አንቺ ታውቂያለሽ?» አሉ አያ ባግራም፣ ከወትሮው በበለጠ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ራምራቲ ሻሿን አልነካችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። አያ ባግራም እኔን እንጂ እሷን አላዩም፤ ከሰው ሁሉ እሷን ብቻ አላዩም። ያውቃሉ እንዴ? ቤታቸው ሰሞኑን እንግዳ ሲበላበት ከርሟል። ወይስ ምራቱን በሕዝብ ፊት የማያይ ጨዋ አማት ብቻ ናቸው? ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ሁለት እጅ ተከታትሎ ነው የወረደው።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አክስቴ ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች።

«እፍኝ አይጠየቅም» አለች። «ቅርጫቱ የእኔ ነው፤ ውስጡ ያለውም የእኔ ነው። ከሆነ እኔን አውጡና ይብቃ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ጆክኒ ግን ማስላት የጀመረችው ያኔ ነው። ስሌቱ ፊቷ ላይ ሲሄድ አየሁት። ሱንዳርያ ከወጣች ዳር የምትቆመው በዕድሜ ቀጥላ ያለችው ጆክኒ ናት። ዳር የቆመች የሁሉን እፍኝ ትቀበላለች። ሌባዋ ደግሞ ገና መስመሩ ውስጥ ናት። ነገ ማንጎው ሥር የሚወርደው ምንጣፍ የማን ሊሆን ነው?

«ቆይ ቆይ» አለች። «ሱንዳርያ ምን አጠፋች? ከዳር የቆመ ሰው ምን ያጠፋል? ጥፋቱ እፍኙ ነው። እኔ ከእንግዲህ የማላውቀውን እጅ ዓሣ ቤቴ አላስገባም፤ የእኔንም ለማንም አልሰጥም፣ ነገ ከአፍንጫው እየተዳበሰ ስሜ እንዲነሳ። የያዘች የያዘችውን ትብላ።»

አንዷ እውነቷን ነው አለች። ሌላዋ ተከተለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፣ ሁሉም በዚያው ሐሳብ። ከመሐላቸው ራምራቲም ራሷን ነቀነቀች። አያ ባግራም እንደዚያ ፈጥነው ሲስማሙ አይቼ አላውቅም፤ እፍኝ ቀርቷል፣ ሱንዳርያ በቦታዋ ትቆያለች፣ እሾሁም በሌላ እሾህ ይተካል አሉና ምንጣፉ እንዲመለስ አዘዙ። ስለ ሌባዋ ማንም አልጠየቀም።

ወደ ቤት ስንመለስ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ቦታሽ ተረፈ እኮ አልኳት። አክስቴ በምርኩዟ መንገዱን እየነካካች ሄደች።

«ተረፈ» አለች።

ነገሩ የገባኝ ጉልበቷ ተሽሏት መስመሩ ወንዝ ሲወርድ ነው። አብሬያት ሄጄ ዳገቱ ላይ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዷ ዳር ቆማ ረገጠች፣ ሸምበቆውን መታች፤ ዓሣው ከእሷ እየሸሸ የሌሎቹን መረብ ሞላ። ሲጨርሱ ሴቶቹ እግራቸውን ታጠቡና ቅርጫታቸውን በመዳፋቸው ከድነው በፊቷ አለፉ። ጆክኒ ስለ ደመናው አንድ ነገር አለቻት። ራምራቲ ከሁሉም ቀድማ ሄዳ ነበር። አክስቴ ቅርጫቷን ፈታች። ሥሩ የተሠራበት ቀርከሃ ይታያል። ለአንድ ሲድራ የሚሆን አልነበረም።

በማግስቱ ዳር አልቆመችም። ወደ መሐል ገብታ በሁለት ሴቶች መካከል መረቧን ሰካች።

«ቦታሽ እዚያ ነው» አለቻት ጆክኒ።

«እዚያ ምን አለኝ?» አለች አክስቴ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለበትም። «እንደ እናንተው የያዝኩትን ልብላ ብዬ ነው።»

መስመሩ ወደፊት ሄደ። መረቦቹ ወረዱ፣ ተነሱ። በዳሩና በመጨረሻዋ ሴት መሐል፣ ሰው በሌለበት፣ ውሃው መጀመሪያ ትንሽ ተርገበገበ። ከዚያ ከወንዙ ስፋት ሁሉ የሸሸው ደቃቃ ዓሣ እዚያ ላይ ተጠራቅሞ፣ ጠባብ የብር ገመድ መስሎ፣ ከሸምበቆው ሥር ሥር ወደ ታች ይፈስስ ጀመር።

ሁሉም አዩት።

«አንዷ ትዝጋው እንጂ» አለች ጆክኒ።

«አንቺ ዝጊው» አላት አንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ አልለየሁም።

የሚዘጋው ሰው ለሌላው መረብ ሊረግጥ ነው። እያንዳንዷ ክፈፏን ሰክታ፣ ቅርጫቷን በክርኗ ሸሽጋ፣ ከጎኗ ያለችውን ትጠብቅ ነበር። አክስቴም ጠበቀች። ዓሣው አለፈ።